በሥራ የተወጠረ ሰው ለእግዚአብሔር ያለውን ፍቅር በየዕለቱ እንዴት ያሳይ? (ከጅማ)

ወለተ ሥላሴ (ሂርማታ)፦

በእግዚአብሔር ስም ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሂርማታ መርካቶ የእህልና የቅመማ ቅመም ሱቅ አለን፤ ማና ወረዳ ላይ ደግሞ አነስተኛ የቡና ማሳ። ሱቁ ጠዋት 1 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 2 ሰዓት ይዘጋል። በገበያ ቀን ቁጭ ማለት የሚባል ነገር የለም። ልጆቻችን ትልቋ 9፣ ትንሹ 5 ዓመታቸው ነው።

እሑድ እናስቀድሳለን፣ አጽዋማቱን እንጾማለን። ከዚያ ውጭ ያለው ሳምንት ግን በሚዛንና በዱቤ ደብተር ያልቃል። እግዚአብሔርን እወደዋለሁ የሚለው ቃል አፌ ላይ ብቻ እንዳይቀር ፈራሁ። ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅ። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሱቅ ውስጥ ሆኖ መጠበቅ ይቻላል ወይ? ዳዊትን በሳምንት ለመጨረስ እየጀመርኩ ማክሰኞ ላይ ይቆምብኛል፣ ምን ላድርግ? ዐሥራት የሚወጣው ከሽያጩ ነው ከትርፉ? የቡና ለቀማ ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም ለቃሚዎቹም እኛም እንቸገራለን። ጎረቤቶቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጾሙን ሳላፈርስ ፍቅራቸውንም ሳላስቀይም እንዴት ልኑር? እባካችሁ፣ ማጽናኛ ሳይሆን ነገ ጠዋት የምጀምረውን ንገሩኝ።

ቀሲስ ዘጂረን፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። እኔ ስለ ጸሎቱ ልናገር፤ የሌላውን የሚያውቁት ይሙሉበት።

ሰባቱ ጊዜያት ነግህ (ጠዋት)፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ (11 ሰዓት)፣ ንዋም (የመኝታ ጊዜ) እና መንፈቀ ሌሊት ናቸው፤ መነሻው መዝሙር 118፥164 ነው። ሰው የሚሰናከለው ሰባቱም እኩል ርዝመት ያላቸው እየመሰለው ነው። ሥራ ላይ ያለ ምእመን የነግሁንና የመኝታውን ረዘም አድርጎ ይቆማል፤ የቀኑን አራቱን በአጭር ጸሎት ይጠብቃል። መንፈቀ ሌሊትን ለጊዜው እንደ ግዴታ አትያዢው፤ ሌሊት ለልጅ ወይም ለሌላ ነገር ስትነሺ አማትበሽ አቡነ ዘበሰማያት ካልሽ ይበቃል። ሰባቱንም በአንድ ቀን ሙሉ አድርጎ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሁሉንም ይጥላል።

ነግህን እንዲህ አድርጊው። ሱቅ 1 ሰዓት ከሆነ 11፡30 ላይ ተነሺ። ፊትሽን ታጠቢ፣ ነጠላሽን ልበሺ፣ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አድርገሽ ቁሚ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ ብለሽ አማትቢ፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። ሦስት ጊዜ ስገጂ። ቀጥሎ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ዳዊት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ከዚያ በራስሽ ቋንቋና በራስሽ ቃል የልብሽን ንገሪው፤ የሚያመሰግኑበትን አስቀድመሽ፣ የሚለምኑትን አስከትለሽ። በመጨረሻም በአቡነ ዘበሰማያት ዝጊ። ቅደም ተከተሉ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ጥቂት ይለያያል፤ የያዝሽውን አንዱን አጽኚ እንጂ በየሳምንቱ አትቀያይሪ። ሳትጣደፊ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል።

ስግደት በሰንበታት፣ በጌታ በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትና ሥጋ ወደሙ በተቀበልሽበት ቀን የለም። በእነዚህ ቀናት ራስን ዝቅ አድርጎ እጅ መንሣት ይበቃል። ይህን ባለማወቅ በበዓለ ኀምሳ የሚሰግዱ አሉ፤ ቅንነታቸው መልካም ነው፣ ጊዜው ግን የደስታ ነው።

ዳዊት ማክሰኞ ላይ የሚቆምብሽ ድካም ስላለብሽ አይምሰልሽ፤ የሰኞና የማክሰኞ ድርሻ ከባድ ስለሆነ ነው። የሳምንቱ አከፋፈል ሰኞ ከ1–30፣ ማክሰኞ ከ31–60፣ ረቡዕ ከ61–80፣ ሐሙስ ከ81–110፣ ዓርብ ከ111–130፣ ቅዳሜ ከ131–150 ነው፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ ሰሎሞን። ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። ሰኞ ብቻ ሦስት ንጉሥ ማለት ነው፤ ለባለሱቅ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስቆም። አንቺ በቀን አንድ ንጉሥ ያዢ፣ በ15 ቀን ይፈጸማል። እሱም ከበዛ በቀን ሦስት መዝሙር፣ በ50 ቀን ይፈጸማል። 118ኛው ብቻውን 176 ቁጥር ስላለው በሚደርስበት ቀን ለብቻው አድርጊው። ያቋረጥሽ ዕለት ያለፈውን ለማካካስ አትሩጪ፤ ካቆምሽበት ቀጥዪ። ውዳሴ ማርያም ግን ከቀኑ ጋር ስለሚሄድ ያለፈ ቀን ያልፋል፤ የዛሬውን ያዢ።

አንድ ነገር ልብ በዪ፤ የዳዊት መጽሐፍሽ ቁጥርና የ66ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በአብዛኛው በአንድ ይለያያሉ። የእረኛው መዝሙር በዳዊት 22 ነው፣ በዚያኛው 23። የንስሐው በዳዊት 50፣ በዚያኛው 51። ግማሹን ከመጽሐፉ ግማሹን ከስልክ የሚያነብ ሰው አንዱን ደግሞ ሌላውን ዘልሎ የሚገኘው በዚህ ነው። ከስልክ ማንበብሽ ካልቀረ ኢንተርኔቱን ዝጊው፤ መልእክት እየገባ ጸሎት አይሆንም።

ለቀኑ ሰዓታት ስልክሽ ላይ አራት ማንቂያ ሙዪ፤ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ 9፡00፣ 12፡00፣ 15፡00 እና 17፡00። ሦስት ሰዓት ጌታ በጲላጦስ ፊት የቆመበት፣ መንፈስ ቅዱስም በሐዋርያት ላይ የወረደበት ነው። ስድስት ሰዓት የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ወደ መቃብር የወረደበት። ማንቂያው ሲጮኽ ያን አስቢ፣ አማትቢ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በዪ። ደንበኛ ፊትሽ ቆሞ ከሆነ ሚዛኑን አስቀምጠሽ ወደ ምሥራቅ አትዙሪ፤ አስተናግደሽ ሸኚው፣ ከዚያ በልብሽ በዪ። ሰው አስቀይሞ የሚጸለይ ጸሎት ለታይታ ይሆናል፤ ጌታም በማቴዎስ 6 ከዚያ አስጠንቅቆናል።

እሑድንም ልንገርሽ። በቅዳሴ አራት ንባባት አሉ፤ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ምስባክ (ከዳዊት የሚዜም አጭር ጥቅስ) ተሰብኮም ወንጌል። ወንጌል ሲነበብ መድረስ የብዙዎቻችን ልማድ ሆኗል፤ ይህ ማለት ሦስቱን ንባብና የመጀመሪያውን ክፍል ሁሉ ማጣት ነው። መፍትሔው የቅዳሜ ምሽት ላይ ነው ያለው። ሱቁን በ12 ሰዓት ዝጉ፣ የልጆቹ ልብስ ይዘጋጅ፣ ነጠላው ይታጠብ። በክረምት የጅማ ጭቃ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ውጡና ንጹሑን ጫማ በፌስታል ያዙ።

ጀንፈል፦

እህቴ፣ ቀሲስ ጸሎቱን ጨርሰውታል። እኔ የምሠራው በቡናና በሒሳብ ዙሪያ ስለሆነ ስለ ገንዘቡ ልናገር።

ለሱቅ ሽያጭ ማለት ገቢ ማለት አይደለም። ለምሳሌ በወር 300,000 ብር ሸጣችሁ እንበል። ዕቃው የተገዛበት 255,000፤ የሱቅ ኪራይ፣ መብራት፣ የሠራተኛ ደመወዝና ግብር 20,000። የቀረው 25,000 ነው፤ ዐሥራቱ 2,500። የቤት አስቤዛ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የዕቁብ መዋጮ የሚቀነሱት ከዐሥራቱ በኋላ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የቤት ወጪውን ሁሉ የሱቅ ወጪ አድርጎ ይቀንስና በመጨረሻ «ምንም አልተረፈም» ይላል።

ሁለተኛው ስሕተት ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ላይ እከፍላለሁ ማለት ነው። ገንዘቡ ከመሳቢያው ጋር ተቀላቅሎ ከቆየ ዕቃ ይገዛበታል፣ ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ልብ ይከብዳል። ቅዳሜ ማታ ሒሳብ ስትዘጉ የሳምንቱን ግምት አውጥታችሁ በተለየ ፖስታ አስቀምጡ፤ በወሩ መጨረሻ አስተካክሉና ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በደረሰኝ ክፈሉ። ደረሰኙን ያዙ። ለነዳያን የምትሰጡት ምጽዋት ከዐሥራቱ ላይ ተቀንሶ አይደለም፣ ከራሳችሁ ድርሻ ነው።

ለቡናው ደግሞ እንዲሁ። እሸቱን ሸጣችሁ 200,000 ገባ፣ ለለቀማ፣ ለጆንያና ለመኪና 60,000 ወጣ እንበል፤ ከ140,000 ላይ 14,000 ነው። በዓይነት መስጠትም ይቻላል፤ ከዐሥር ጆንያ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አንዱን። በዓይነት ሲሆን ግን የተሻለው ጆንያ ይሁን፤ ዝናብ የነካውንና የሻገተውን ለቤተ ክርስቲያን ለይቶ ማስቀመጥ ከናካቴው ካለመስጠት ይብሳል።

አሁን ከዐሥራቱ በላይ ወደሚከብደው ልምጣ። በኔ እምነት ነጋዴ ለእግዚአብሔር ያለው ፍቅር መጀመሪያ የሚታየው ሚዛኑ ላይ ነው፤ ዘሌዋውያን 19፥36 እውነተኛ ሚዛን ይኑራችሁ ይላል። ጠዋት ሱቅ ስትከፍቺ የአንድ ኪሎ ድንጋይሽን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ አረጋግጪ። ሚዛኑ የኤሌክትሪክ ከሆነ ባዶውን ዜሮ ማለቱን እዪ፤ የቡና አቧራና የበርበሬ ብናኝ ከሳህኑ ሥር ሲከማች ንባቡን ያዛባዋል፣ በየምሽቱ ጥረጊው። በርበሬና እርድ ስታስፈጪ ምን እንደገባበት ራስሽ ቆመሽ እዪ። ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ሲመጣልሽ «ያመጣው ሌላ ነው» የሚል ምክንያት አያድንም፤ የሸጥሽው አንቺ ነሽ።

እሸት ቡና ስትረከቡ የሚቀነሰው የዘንቢሉ ወይም የጆንያው ክብደት ብቻ ይሁን። 18 ኪሎ ከ700 ግራም ያመጣ ለቃሚ 18 ተብሎ ሲጻፍለት 700 ግራሙ የተሰረቀ ነው። በቀን ሠላሳ ሰው ላይ ሲደረግ ደግሞ 20 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። የለቃሚ ደመወዝ በዕለቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈል፤ ዘዳግም 24፥15 በግልጽ ያዘዘው ነው። ለዚህ አስቀድማችሁ ዝርዝር ብር አዘጋጁ፤ ብዙ ጊዜ ክፍያ የሚያድረው ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ዝርዝር ጠፍቶ ነው። ቀይ የደረሰውን ብቻ ልቀሙ ብላችሁ ካዘዛችሁ ሥራው ስለሚዘገይ የኪሎ ዋጋውም በዚያ ልክ ከፍ ይበል፤ ጥራትን ጠይቆ በጥድፊያ ዋጋ መክፈል ግፍ ነው።

ስትሸጡም እንዲሁ። በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ክብደት ስለሚጨምር ቶሎ ከማድረቂያው አልጋ ላይ ማንሣት ፈታኝ ነው። ፍሬው ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ላይ እስኪደርስ ካልደረቀ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል፤ ጉዳቱ ከእናንተ ወደ ገዢው ተላለፈ ማለት ነው። ጅማ ላይ ኅዳር መጀመሪያ ድንገተኛ ዝናብ ይጥላል፤ የሸራ ችግር ካለ ለቀማውን አልጋው በሚችለው ልክ አድርጉ እንጂ እርጥቡን ከደረቁ አትደባልቁ።

የዱቤ ደብተሩንም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። መክፈል የሚችለውንና በእውነት ያጣውን ለዩ። ያጣውን ሰርዙለትና ንገሩት፤ ሳይነገረው ከተሰረዘ በደጃችሁ ሲያልፍ እየተሸማቀቀ ይኖራል።

ገብረ መድኅን (ቆጪ)፦

ጀንፈል፣ ስለ ሱቁ እስማማለሁ። ስለ እርሻው ግን አልስማማም። በኦሪት ዐሥራት የሚወጣው ከምድር ፍሬ ነው፤ የአጫጅ ደመወዝ ተቀንሶ አልተባለም። ከዐሥር ጆንያ አንድ ከተባለ አንዱ ከዐሥሩ ይወጣል፣ ወጪው ከዘጠኙ። አንተ ራስህ በዓይነት ሲሆን ከጠቅላላው አውጥተህ በብር ሲሆን ከተጣራው አወጣህ፤ ሁለቱ አይገጥሙም።

ጀንፈል፦

ልክ ነህ፣ ሁለቱ አይገጥሙም። የለቀማ ወጪ ከምርቱ ሲሶ በሚደርስበት ማሳ ግን ልዩነቱ ለድኻ ገበሬ ትልቅ ነው። የወለተ ሥላሴ ማሳ ከሱቁ በተጨማሪ ያለ ስለሆነ ለእነሱ ከጠቅላላው ማውጣቱ አይከብድም፤ እንደ ገብረ መድኅን ያድርጉት። ዋናው በየዓመቱ ስሌቱን እንደ ዋጋው ሁኔታ አለመቀያየር ነው። ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ አንዱን ወስኑና ደብተር ላይ ጻፉት።

እኅተ ማርያም፣ ነርስ፦

ውድ እህቴ፣ ስለ ጾሙና ስለ ለቀማው።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይቆያል፤ የማና ቡና የሚለቀመው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ጾም ሁለት ነገር አለው፤ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከል፣ እና የተወሰነ ሰዓት ድረስ ምንም አለመቅመስ። ከባድ ሥራ ላይ ላለ ሰው የምግቡ ዓይነት ሳይለወጥ ሰዓቱ እንዲቀልለት የንስሐ አባት ሊፈቅድ ይችላል። ይህን ግን ራሳችሁ አትወስኑ፣ ጾሙ ሳይገባ ጠይቁ። ለቃሚዎቻችሁ ውስጥ ሙስሊሞችና ሌሎችም ስለሚኖሩ በ6 ሰዓት ለሁሉም ምሳ ይቅረብ፤ የሚጾመው በ9 ሰዓት እንዲበላ ድርሻው ተከድኖ ይቀመጥለት። ሽሮ ብቻውን ለዚያ ጉልበት አይበቃም። ምስር ወይም ባቄላ፣ ጎመን፣ ድንች፣ የሱፍ ወይም የተልባ ፍትፍት ይኑርበት። ቆላ ላይ ፀሐይ ስለሚበረታ ጾሙን ፈትቶ በቂ ውኃ ሳይጠጣ ወደ ማሳው የሚመለስ ሰው በ10 ሰዓት ራሱን ያዞረዋል።

ጠዋት ቡና ካልጠጡ ራስ ምታት የሚይዛቸው ብዙ ናቸው፤ ጅማ ላይማ ይህ የጾም ዋና ፈተና ነው። ከጾሙ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ከአቦል፣ ቶና፣ በረካ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ዝቅ በሉ፤ ሰዓቱንም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አዘግዩት። በድንገት ሲቋረጥ ነው ራስ የሚፈልጠው።

እርጉዝ፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር በሽተኛና መድኃኒት በምግብ የሚወስድ ሰው በጾም ስም መድኃኒቱን አይዝለል። በተለይ ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበላ የሚውል ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ለሐኪሙም ለንስሐ አባቱም በግልጽ ይንገር፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስጨንቅም።

ሌላው ሕሙማንን መጠየቅ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉ አባቦር ሳይቀር ሰው ይመጣል። ዘመድ ከተማ ውስጥ የሌለው አስታማሚ ደረጃ ላይ አድሮ ዳቦ በሻይ ይውላል። በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከልጆችሽ ጋር ሂዱ። ወደ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ ነርሷን «ዘመድ የሌለው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለታማሚው ሳታስፈቅዱ ምንም አታቅምሱ፤ ለቀዶ ሕክምና የሚጾም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ቀጠሮውን ያስተላልፍበታል። ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው የአስታማሚው ነገር ነው፤ ምሳ፣ ሳሙና፣ ላስቲክ ጫማ፣ የስልክ ካርድ፣ የመመለሻ ትራንስፖርት። ፎቶ አታንሡ። ከ20 ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ጸሎት ከፈለገ ይጸለይለታል፣ ካልፈለገ እጁን ይዞ ዝም ማለትም በማቴዎስ 25 የተጻፈውን መፈጸም ነው።

ደም መለገስም እንዲሁ፤ ቢያንስ ሦስት ወር እየጠበቃችሁ። በጾም ቀን ከሆነ ግን ከ9 ሰዓት በኋላ በልታችሁና ውኃ ጠጥታችሁ እንጂ ባዶ ሆድ አይሆንም።

አጂፕ ሰፈር፦

ሰላም እህቴ። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ የቀሲስን ትምህርት ለማረም አይደለም የምጽፈው። አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ከጸሎቱ በተጨማሪ ቃሉን በተከታታይ ማንበብ ካልጀመርሽ ከማርቆስ ጀምሪ፤ 16 ምዕራፍ ነው፣ በቀን አንድ ብታነቢ በ16 ቀን ይፈጸማል፣ ጮክ ብሎ ሲነበብ አንዱ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ አያልፍም። ስትጨርሺ ትንሽ ደብተር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፊ፤ «ዛሬ በዚህ ምክንያት ይህን አደርጋለሁ» የሚል። ሰው፣ ቦታና ጊዜ ይኑረው። «ትሑት እሆናለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ትናንት የጮኽኩባትን ሠራተኛ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብለሽ ጻፊ። ማታ ያንኑ ገጽ ክፈቺው፤ ካልተደረገ ለነገ ይተላለፍ። ሦስት ቀን የተላለፈ ነገር ካለ ልብ እዚያ ላይ እየተቃወመ ነውና በዚያ ላይ ጸልዪ።

ስለ ሙስሊም ጎረቤቶች ደግሞ። ጅማ ላይ ዕድሩም ለቅሶውም አንድ ነው። ሰው ሲሞትባቸው ሳትጠሪ ቀድመሽ ድረሺ። የእነሱ ቀብር ፈጣን ስለሆነ ሥራ ጨርሼ እሄዳለሁ ያለ ሰው ቀብሩን አይደርስበትም። ስጦታ ስትልኪ ሥጋና በሥጋ የተሠራ አትላኪ፤ ቡና፣ ስኳር፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ ማር ላኪ። በረመዳን ቴምር ላኪ፣ ከማፍጠሪያው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይድረስ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲጠሩሽ እንደ ደረስሽ «ጾም ነኝ» ከማለት ሲጠሩሽ ወዲያው ንገሪያቸው፤ ያን ጊዜ የጾም ምግብ ለብቻ ያዘጋጃሉ፣ በጅማ ልማዱ አለ። እዚያ ደርሰሽ ሳትቀምሺ ብትወጪ ግን ያዝናሉ።

ወለተ ሥላሴ (ሂርማታ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ነገ 11፡30 እነሣለሁ፤ በቀን አንድ ንጉሥ ይዣለሁ። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ልጆቹን እንዴት ልያዝ? እና ከባለቤቴ ጋር ለመቁረብ አስበናል፤ ተክሊል አድርገናል፣ ግን ሱቁ ቅዳሜ እስከ ማታ ስለሚሠራ ዝግጅቱ ግራ ገብቶናል።

ቀሲስ ዘጂረን፦

ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ሁላችሁም አንድ ላይ ዐሥር ደቂቃ ቁሙ። ትልቋ አንድ አጭር መዝሙረ ዳዊት ታንብብ፤ 116ኛው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ ከእሱ ትጀምር። ትንሹ አቡነ ዘበሰማያትን ከእናንተ ጋር ይበል። በቀን ውስጥ ተጣልተው ከሆነ ይቅር ሳይባባሉ ጸሎት አትጀምሩ፤ አንቺና አባታቸውም እንዲሁ። ጾምን ልጅ በ7 ዓመቱ ይጀምራል፤ ትልቋ እስከ 6 ሰዓት ትጹም፣ ከፍ ስትል ሰዓቱ ይጨመራል። ምጽዋት ስትሰጡ ሳንቲሙን በልጁ እጅ ስጡ፤ ለነዳዩም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይስጠው፣ አይወርውር።

ስለ ቁርባኑ መጀመሪያ ሁለታችሁም ለንስሐ አባታችሁ ተናዘዙ፤ የተሰጣችሁን ቀኖና ፈጽሙ። ከተቀያየማችሁት ሰው ታረቁ፣ የሰው ገንዘብ በእጃችሁ ካለ መልሱ፤ ያልተከፈለ የለቃሚ ደመወዝም ቢሆን። ከቁርባኑ በፊት ሦስት ቀን መኝታ ለዩ። ከዚያ 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ መከልከል አለ። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ የምትቀበሉ ከሆነ ወደ ኋላ ሲቆጠር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ ምሳችሁን 8፡30 ላይ ጨርሱ፤ ውኃም ያን ጊዜ በደንብ ጠጡ። ሱቁን ያን ቀን በ11 ሰዓት ዝጉት፤ ቅመም እየቀመሱ መሸጥ ልማድ ስለሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ ሳይታሰብ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ይህ በቅመም ነጋዴዎች ላይ ደጋግሞ የሚደርስ ነው። የሚቀመስ ነገር ካለ ሠራተኛዋ ትቅመስ።

ልጆቹን አትተዉአቸው፤ አብረዋችሁ ይቁረቡ። ትንሹ ከእንቅልፉ ከተነሣ ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ይምጣ፤ ኪሱን ፈትሹ፣ ከረሜላ አይጠፋም። ከተቀበላችሁ በኋላ ጠበሉን ጠጡ፣ በዚያ ቀን ምራቅ አትትፉ፣ ሰውነት አትታጠቡ፣ ረጅም መንገድ አትሂዱ፤ ማና ያለው ማሳ እስከ ሰኞ ይቆያችሁ።